መሀሉን መልሱልን

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

በቅርቡ በዚሁ የአንባቢያን ገጽ ላይ አንድ አባት የጻፉትን ደብዳቤ አነበብኩ። የዘንድሮ ዘፋኞች ምን እንደሚሉ አይሰማም፣ ግጥሙ አፋቸው ውስጥ ይቀራል ይላሉ። ታክሲ ውስጥም፣ ሰርግ ላይም፣ ልጆቻቸው ቤት ዘፈን ሲከፍቱም ቃሉ እንደሚያመልጣቸው በምሬት ጽፈዋል። ምሬታቸው የእኔም ነው። በፍርዳቸው ግን አልስማማም። አብዛኛውን ጊዜ ዘፋኙ ቃሉን አጥርቶ ብሎታል። ስቱዲዮ ውስጥም በደንብ ተቀድቷል። ቃሉ የሚጠፋው ከዚያ በኋላ፣ በእኛው እጅ፣ ኢኳላይዘር ላይ ነው፤ ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ ለየብቻ የምንጨምርበትና የምንቀንስበት ቁልፍ ላይ ማለቴ ነው።

እኔ ፒያሳ፣ ከቸርችል ጎዳና ገባ ብሎ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ቴፕ፣ አምፕሊፋየርና ስፒከር እጠግናለሁ። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ሰርግና ምርቃት ላይ ሚክሰር፣ ማለትም የማይኩንና የመሣሪያውን ድምፅ የሚያቀላቅለውን ዕቃ፣ ይዤ እሠራለሁ። ስለዚህ ነገሩን ከሁለቱም በኩል አየዋለሁ። ሙዚቃው ሲበላሽም እዚያው ነኝ፤ የተቃጠለው ዕቃ ሲመጣም እኔው ጋ ነው የሚመጣው።

መጀመሪያ ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። ድምፅ የአየር መርገብገብ ነው። በሴኮንድ ስንት ጊዜ እንደሚርገበገብ የምንለካው በኸርዝ ነው። ጤነኛ የወጣት ጆሮ ከ20 ኸርዝ ጀምሮ እስከ 20,000 ኸርዝ ድረስ ይሰማል። ታች ያለው ወፍራሙ ድምፅ ቤዝ የምንለው ነው። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር ሲመታ 41 ኸርዝ ገደማ ነው። ላይ ያለው ቀጭኑ ትሬብል ነው፤ የድራሙ ሲምባል የሚንሿሿው እዚያ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ሚድ ይባላል። ስለ ሚድ ብዙ ሰው አያወራም። ርካሽ ቴፖች ላይ ቁልፍ እንኳ የለውም፤ ቤዝና ትሬብል ብቻ ነው ያላቸው። የሰው ድምፅ ግን ሰፈሩ እዚያ ነው።

ማስረጃ ከፈለጋችሁ የድሮውን የቤት ስልክ አስታውሱ። ያ ስልክ የሚያሳልፈው ከ300 እስከ 3,400 ኸርዝ ያለውን ብቻ ነበር። ቤዝ የለውም፣ የረባ ትሬብልም የለውም። ሆኖም ስንት ነገር አውርተንበታል። ተጣልተንበታል፣ ታርቀንበታል፣ መርዶ ሰምተንበታል። ስም ስናስመዘግብ ብቻ ነበር የምንቸገረው። «ሰ ነው ወይስ ፈ?» እንባባል ነበር። ምክንያቱ ቀላል ነው። የ«ሰ» ፉጨት አብዛኛው ከ4,000 ኸርዝ በላይ ስለሆነ ስልኩ ይቆርጠዋል።

እዚህ ላይ ልቆይ፤ ዋናው ነገር እሱ ነውና። ዘፋኝ «አ» ብሎ ድምፁን ሲያስረዝም የምንሰማው ጉልበት በብዛት ከ1,000 ኸርዝ በታች ነው። ስሜቱ፣ ቅላጼው፣ ትዝታው እዚያ አለ። አንዱን ቃል ከሌላው የሚለየው ግን ከዚያ በላይ ነው። «ሰጠችኝ» እና «ሸጠችኝ» በሉ እስቲ። «ሸ» ከ2,000 ኸርዝ ትንሽ ከፍ ብሎ ይጀምራል። «ሰ» ከዚያ በላይ ይወጣል። ልዩነታቸው ይሄው ነው። ያንን ክፍል ከቀበራችሁት ፍቅሯን የሰጠችው ልጅ የሸጠችው ልትመስል ነው። «ጥል» እና «ትል»ም እንደዚሁ ናቸው። «ጠ» ስትፈነዳ የምትሰማዋ አጭር ቅጭታ በጣም ትንሽ ጉልበት ነው ያላት፤ በሴኮንድ ክፍልፋይ ታልፋለች። እሷን የሸፈነ ነገር ካለ ቃሉ አለቀለት። በሰምና ወርቅ ለሚቀኝ፣ በአንድ ቃል ሁለት ነገር ለሚናገር ሕዝብ ይሄ ቀላል ጉዳት አይደለም።

ተፈጥሮም ይህንን የምታውቅ ይመስለኛል። የጆሯችን ቀዳዳ ርዝመቱ 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። በዚህ ርዝመቱ የተነሳ በ3,000 ኸርዝ አካባቢ ያለውን ድምፅ ራሱ ያጎላዋል። የሰው ጆሮ ከሁሉ አብልጦ የሚነቃው ከ2,000 እስከ 5,000 ኸርዝ ባለው ላይ ነው። የሕፃን ለቅሶ ከሩቅ የሚሰማን ለዚህ ነው።

እኛ ግን ምን እናደርጋለን? ባለፈው ክረምት አንድ የሚኒባስ ሹፌር የበር ስፒከሮቹን ይዞልኝ መጣ። ትዊተሮቹ፣ ማለትም ቀጭን ድምፅ የሚያወጡት ትንንሾቹ፣ ተቃጥለዋል። ከዚያ በፊትም ተቃጥለውበት ቀይሯቸው ነበር። «ወንድሜ፣ ዕቃው ፎርጅድ ነው መሰለኝ» አለኝ። አዲስ ገጠምኩለትና ታክሲዋ ውስጥ ገብቼ ቴፑን አየሁት። ቤዙ እስከ ጥግ ወጥቷል። ትሬብሉም እስከ ጥግ። ሚዱ እስከ ታች ወርዷል። ላውድነስ የሚለው በርቷል። ቮሊዩሙ ሠላሳ ምናምን ላይ ነው። አንድ ዘፈን ከፈተልኝ። ወንበሩ ይነዝራል፣ ሲምባሉ ጆሮ ይወጋል፣ ዘፋኟ ግን ሌላ ክፍል ውስጥ ያለች ይመስላል።

ሁሉንም ዜሮ ላይ መለስኩት። ሹፌሩ ፊቱ ተቀያየረ። «ሞተብኝ እኮ!» አለ። ቆይ፣ ትንሽ ታገስ አልኩት። ጆሮ ከለመደው ነገር ለመላቀቅ ጊዜ ይፈልጋል። ከዚያ ሚዱን በ2 ከፍ አደረግኩ፤ ለቤዙም 2 ብቻ ሰጠሁት። ቮሊዩሙን ወደ ሃያ አወረድኩት። ዘፈኑ ሁለተኛው አዝማች ላይ ሲደርስ ዘወር ብሎ አየኝ። «እንዴ! እንደዚህ ነው እንዴ የምትለው?» ወር ሙሉ ከሜክሲኮ አራት ኪሎ ሲመላለስ ያንኑ ዘፈን ሲያጫውት ከርሟል።

ትዊተሩ ለምን ተቃጠለ? ብዙ ሹፌሮች ይህንን ስለማያውቁ ልንገራቸው። ቤዝን በ10 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ ነው) ከፍ ማድረግ ማለት ለዚያ ክፍል አሥር እጥፍ ጉልበት መጠየቅ ነው። በ5 ዋት ይጫወት የነበረው ቤዝ 50 ዋት ይፈልጋል። የመኪና ቴፕ ላዩ ላይ 50 ዋት ተብሎ ይጻፋል እንጂ በአንድ ስፒከር በተግባር የሚያወጣው 20 ዋት ቢሆን ነው። ስለዚህ አቅሙ ያልቅበታል። የሞገዱ ጫፍ ይቆረጣል። የተቆረጠ ሞገድ ደግሞ ዘፈኑ ውስጥ ያልነበረ ቀጭን ጩኸት ይወልዳል። ያ ጩኸት በቀጥታ ትዊተሩ ላይ ይሄዳል። በቤዝ ፍቅር ትዊተር ይቃጠላል ማለት ነው። ዕቃው ምንም አላደረገም።

ከዕቃው በላይ የሚያሳዝነኝ ግን የጆሮ ነገር ነው። ወፍራም ድምፅ ከሱ በላይ ያለውን ቀጭን ድምፅ ይሸፍናል። ቀጭኑ ወፍራሙን ያን ያህል አይሸፍንም። የጆሮ አሠራር ነው። ስለዚህ ቤዙን በጨመርክ ቁጥር ቃሉ ይደበቃል። ቃሉ ሲደበቅ ቮሊዩም ትጨምራለህ። ቮሊዩም ሲጨምር ቤዙም አብሮ ይጨምራል። እንደገና ይደበቃል። በዚህ መሀል ረዳቱ ከስፒከሩ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ሆኖ ቀኑን ይውላል። 85 ዴሲቤል ለስምንት ሰዓት የጆሮ ጤና ባለሙያዎች የሚያስቀምጡት ወሰን ነው። ከዚያ በላይ በ3 ዴሲቤል ከፍ ባለ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። 100 ዴሲቤል ላይ ሲደርስ የሚፈቀደው 15 ደቂቃ ብቻ ነው። በጩኸት የተጎዳ ጆሮ መጀመሪያ የሚደክመው ደግሞ በ4,000 ኸርዝ አካባቢ ነው። ማለትም «ሰ» እና «ሸ»ን የሚለይበት ቦታ ላይ። ያ ልጅ በአርባ ዓመቱ ሰው ሲያናግረው ድምፁን ይሰማል፤ ቃሉን ግን አይሰማም። ይህ ነገር ያንገበግበኛል።

ላውድነስ ያልኩትም ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1933 ፍሌቸርና መንሰን የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ጆሮ በዝቅተኛ ቮሊዩም ቤዝን አሳንሶ እንደሚሰማ ለክተው አሳዩ። ሌሊት ቤተሰብ ተኝቶ ቀስ አድርገህ ስትከፍት ሙዚቃው የሚሳሳብህ ለዚህ ነው። ላውድነስ የተሠራው ያንን ለማካካስ ነው። ለቀስታ የተሠራ ቁልፍ ነው። ቮሊዩሙ ሲጮህ ጆሮ ራሱ ቤዙን አሟልቶ ስለሚሰማ ቁልፉ መጥፋት አለበት። እኔ ጋ ከሚመጡት ቴፖች አብዛኞቹ ላይ ግን እንደበራ ነው የሚኖረው።

ወደ አዳራሹ ልውሰዳችሁ። የከተማችን የሰርግ አዳራሾች ወለላቸው ሴራሚክ፣ ግድግዳቸው መስታወትና ኮንክሪት ነው። ወፍራም ድምፅ እዚያ ውስጥ ሲገባ ቶሎ አይወጣም። ይንከባለላል። አንድ ሰርግ ላይ ከባንዱ ጋር አንድ ጎልማሳ ማሲንቆ ተጫዋች መጣ። ማሲንቆ አንድ ክር ነው ያለው፤ አብዛኛው ጉልበቱ ያለው ደግሞ ሚዱ ላይ፣ ከዘፋኙ ጋር ጎን ለጎን ነው። ኪቦርዱ በግራ እጁ ቤዝ እየመታ፣ ድራሙ ከኋላ እየደለቀ፣ እሱ ቀስቱን ይስባል፤ ማንም አይሰማውም። አንገቱን ቀና አድርጎ አየኝ። ጨምርልኝ ማለቱ ነው። የሙሽራው ዘመዶችም «ማሲንቆውን ጨምርለት!» አሉኝ።

አልጨመርኩም። ብጨምር ማይኩ ያፏጫል። የኪቦርዱን 250 ኸርዝ ያዝኩና በ5 ዴሲቤል አወረድኩት። የድራሙንም ከዚያው አካባቢ ትንሽ ቀነስኩ። 250 ኸርዝ አካባቢ ጭቃ የሚሰበሰብበት ነው፤ ሁሉም መሣሪያ እዚያ ትንሽ ትንሽ ያዋጣል፤ ሲደመር ደመና ይሆናል። ከዚያ ማሲንቆው ላይ 1,500 አካባቢ 2 ዴሲቤል ሰጠሁ። ማሲንቆው ብቅ አለ። ቮሊዩሙን ግን አልነካሁትም። ተጫዋቹ ፈገግ አለና እየዞረ ሙሽሪትን በግጥም ያወድሳት ጀመር። እናቷ እልል አለች። ግጥሙን ሰምታዋለች ማለት ነው።

በሙያው ውስጥ ላሉ ወጣቶች የምለው አንድ ነገር ይሄ ነው። አንድ ነገር ካልተሰማ መጀመሪያ የሸፈነውን ፈልጉ። ቀንሱ። መጨመር በኋላ ይደርሳል። ኢኳላይዘር ሲባል ለመጨመር ብቻ የተሠራ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። ማይክ ሲያፏጭም ማስተሩን፣ ማለትም ጠቅላላውን ድምፅ፣ ማውረድ አያስፈልግም፤ የሚያፏጨውን ቦታ ፈልጎ እሱን ብቻ በጠባቡ መቁረጥ ነው። ባለ 31 ባንድ ኢኳላይዘር፣ ማለትም ድምፁን 31 ቦታ ከፋፍሎ የሚያስተካክል፣ ያለው ሰው ይህንን በሴኮንዶች ይሠራዋል። እጅ ሲለምድ ፉጨቷን ሰምቶ 2,500 ናት፣ 800 ናት ማለት ይቻላል።

ስለ ኤኮም ላንሳ። አማርኛ የሚጠብቅና የሚላላ ቋንቋ ነው። «ይበላል» ላልቶ ሲነገር ሰውየው እንጀራ እየበላ ነው፤ ጠብቆ ሲነገር እንጀራው ነው የሚበላው። መጥበቁ የሚታወቀው ፊደሏ ትንሽ ስለምትቆይ ነው። አዳራሹ በራሱ እያስተጋባ በላዩ ኤኮ ሲጨመርበት ያች ልዩነት ትጠፋለች። ዘፋኞች ኤኮ ይወዳሉ፤ ድምፃቸውን ያሳምርላቸዋል። ያሳምራል፣ አልክድም። ግን በልክ ይሁን። ኤኮው ራሱም ከ300 ኸርዝ በታች ያለው ቢቆረጥለት ግማሹ ችግር ይቃለላል።

በዓቢይ ጾም ደግሞ በየቤቱና በየታክሲው የበገና መዝሙር ይከፈታል። በገና ወፍራም ድምፅ ነው፤ አሥር አውታር አለው። ግን እስቲ አስቡት፤ ቤዝ ብቻ ነው? አይደለም። ያ የሚነዝረው፣ ልብ የሚነካው ድምፅ የሚመጣው ከእንዚራው ነው። አውታሩና አውታሩ በሚያርፍበት እንጨት መካከል ከምትገባው ትንሽ ቆዳ። እሷ ስትርገበገብ ከታች እስከ ላይ የተደረደረ ብዙ ቀጭን ድምፅ ትፈጥራለች። በስልክ ትንሽዬ ስፒከር እንኳ በገናን የምናውቀው በዚያ ነው፤ ስፒከሩ ወፍራሙን ማውጣት ባይችል አእምሯችን ከላይኞቹ ተነስቶ ይሞላዋል። ቤዙን እስከ ጥግ የከፈተ ሰው በገናን ይበልጥ በገና ያደረገው ይመስለዋል። የሚያገኘው ግን ጉምጉምታ ነው። ጸሎቱም ከሥሩ ይቀበራል።

የድሮ ሸክላዎቻችንን ወደ ኮምፒውተር እየገለበጡ ለሚያወጡ ልጆችም አንድ ነገር ልበል። ሥራችሁን አከብራለሁ። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሪከርድስ የተባለውን የሸክላ አሳታሚ ከመሠረተ በኋላ በዚህች ከተማ የተቀዳው ሙዚቃ ሀብታችን ነው። ግን ሸክላ ሲቀረጽ ሆን ተብሎ ቤዙ ይቀነሳል፣ ትሬብሉ ይጨመራል። ቤዙ እንዳለ ቢቀረጽ መስመሩ ሰፍቶ ሸክላው ላይ ቦታ አይበቃም። ሲጫወት ደግሞ ፎኖ ፕሪአምፕ የሚባለው ዕቃ በተቃራኒው ይመልሰዋል። ይህ ልክ ከ1950ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ዓለም የተስማማበት ነው፤ ታች 20 ኸርዝ ላይ ልዩነቱ ወደ 20 ዴሲቤል ይደርሳል። ማጫወቻውን ያለ ፎኖ ፕሪአምፕ በቀጥታ ኮምፒውተር ላይ ከሰካችሁት ድምፁ ሳስቶ፣ ጭረቱ ጎልቶ ይመጣል። ከዚያ «የድሮ ሙዚቃ ቤዝ የለውም» ተብሎ በእጅ ይጨመርበታል። የማጫወቻው ሞተር ጉርምርምታ አብሮ ይነሳል። ትክክለኛውን ፕሪአምፕ ግዙ። ያገኛችሁትንም ቀለም ሳትቀቡ አስቀምጡልን። ቤዝ የፈለገ ሰው ቤቱ ይጨምርበታል፤ እናንተ ከቀበራችሁት በኋላ ግን መሀሉን ማንም አያወጣውም።

ደብዳቤውን ለጻፉት አባት፦ እባክዎ ቤትዎ ያለው ቴፕ ወይም ቴሌቪዥን ላይ «ሮክ»፣ «ፖፕ» የሚለውን ሁሉ ያጥፉት። ፍላት ወይም ኖርማል የሚለው ላይ ያድርጉት። ባንዶቹ ከታዩ 250 ላይ ያለውን ትንሽ ዝቅ፣ 2,000 እና 4,000 ላይ ያሉትን ትንሽ ከፍ ያድርጉ። ስፒከሩ ጥግ ላይ ተወሽቆ ከሆነ ከግድግዳው ያርቁት፤ ጥግ ራሱ ቤዝ ይጨምራል። ዕድሜ ሲገፋ የማንኛችንም ጆሮ መጀመሪያ የሚቀንሰው ከላይ ያለውን ድምፅ ነውና ይህቺ ትንሽ እገዛ ለእርስዎ ብዙ ትሠራለች። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ልጆችዎም «ይሻላል» ቢሉዎት አይገርመኝም።

ለአዳራሽ ባለቤቶችና ለደጋሾችም ልመና አለኝ። ለምግቡ፣ ለዲኮሩ፣ ለቪዲዮው ስንት ቀን ታስባላችሁ። የድምፅ ባለሙያውን ግን ሙሽሮቹ በር ላይ ደርሰው ሞንታርቦ ሲያቆም ነው የምታገኙት። ሙሽሮቹ በስድስት ሰዓት የሚገቡ ከሆነ እሱ በአራት ሰዓት ይግባ። ባዶውን አዳራሽ በአንድ ንጹሕ ዘፈንና በአንድ ማይክ ይፈትሸው። ሰው ሲሞላ ደግሞ ቀጭኑን ድምፅ ልብስና ሰውነት ስለሚውጠው እንደገና ማስተካከል አለበት። ለዚያ ትንሽ ደቂቃ ይሰጠው። ያን ጊዜ ከኋላው ሆኖ «ሞቅ አድርገው!» እያለ የሚጮህበት ሰው ካለ፣ እባካችሁ አንድ ዘመድ ወስዶ ያስቀምጥልን።

ከአክብሮት ጋር
የድምፅ ዕቃ ጠጋኝ፣ ከፒያሳ